ሁጎ ፕራት፦ ከድሬዳዋ ካምፕ እስከ ኮርቶ ማልቴዘ

በ1942 ድሬዳዋ ላይ እንግሊዞች ጣልያኖችን ያጎሩበት ካምፕ ነበር። ከእናቱ ጋር እዚያ የገባ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ታሪክ በሥዕል የሚተረክባቸውን መጽሔቶች ከዘበኞቹ እየገዛ ያነብ ነበር። አባቱ በእንግሊዝ እጅ ምርኮኛ እንደሆነ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታሞ ሞተ። የልጁ ስም ሁጎ ፕራት ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህ ሰው አውሮፓ ውስጥ ኮሚክስን ከልጆች መጫወቻነት አውጥተው ከልብወለድ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጡት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሆነ። (ሌላ ካልኩ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ስለ ፕራት ሲወራ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚያነሳው አንድ ስም አለ፤ ኮርቶ ማልቴዘ። ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጠለ፣ የመርከበኛ ኮፍያ የደፋ ሰው። ነገር ግን ኮርቶ የተወለደው ፕራት አርባ ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል በአብዛኛው የሌሎችን ድርሰት ሲስል ነበር የኖረው። ያንን ሃያ ዓመት ለመረዳት ሙያው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

ጣልያኖች ኮሚክስን ፉሜቲ ይሉታል። ፉሞ ማለት ጭስ ነው፤ ፉሜቶ ደግሞ ትንሽ ጭስ፤ ከባለታሪኩ አፍ እየወጣች ንግግሩን የምትይዘዋን ደመና ለማለት ነው። (ማኪያቶና ፉርኖ ጥለውልን ሲሄዱ ፉሜቲን ይዘውት ሄደዋል።) በዚህ ሥራ ብዙውን ጊዜ ደራሲውና ሠዓሊው ሁለት ሰዎች ናቸው። ደራሲው በየሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚታይና ማን ምን እንደሚል ይጽፋል። ሠዓሊው ያንን ተቀብሎ መጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋል፤ ቀጥሎ በብሩሽና በብዕር ጥቁር ቀለም ያለብሰዋል። የሚከፈለው በገጽ ቆጥሮ ስለሆነ ኑሮው ከቀን ሠራተኛ እምብዛም አይለይም፤ ያልሳለበት ቀን ያልተከፈለበት ቀን ነው። ሥዕሉ ከታተመ በኋላ ባለታሪኩ በአብዛኛው የአሳታሚው ንብረት ይሆናል። እጁ ጎበዝ የሆነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የራሱ የሆነ አንድም ታሪክ ሳይኖረው ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ብዙዎቹም እንዲሁ ነው የወጡት።

ፕራት በ1927 ሪሚኒ አካባቢ ተወልዶ ያደገው ቬኒስ ነው። የቤተሰቡ ስም በአንድ «ቲ» ይጻፍ ነበር፤ ሁለተኛዋን ራሱ ጨመረባት። በአማርኛ ስንጽፈው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ያው ፕራት ነው። አባቱ የሙያ ወታደር ነበር። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር አባትየው መጣ፤ በ1937 ደግሞ የአሥር ዓመቱ ሁጎና እናቱ ተከተሉት። እኛ ያንን ዓመት 1929 ብለን ነው የምናውቀው፤ የየካቲት 12 ዓመት ነው። አዲስ አበባ የሰው ሬሳ የለቀመችበት ዓመት ለአንድ የቬኒስ ልጅ የትልቁ ጉዞ ዓመት ሆነ ማለት ነው። ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ አባቱ በቅኝ ገዢው ፖሊስ ውስጥ አስመዘገበውና ዩኒፎርም ለበሰ። ጺሙ ያላበቀለ ሶላቶ!

ፕራት በስተርጅና በሰጣቸው ረጃጅም ቃለ መጠይቆች ደጋግሞ ወደዚህ ዘመን ይመለሳል። አባቱ ከመለያየታቸው በፊት «የሀብት ደሴት» የተባለውን የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን መጽሐፍ እንደሰጠው፣ አንተም አንድ ቀን የራስህን ደሴት ታገኛለህ እንዳለው ይተርካል። ሰውዬው ወሬ ማሳመር ያውቅበታልና እያንዳንዱን ቃል እንደ ፍርድ ቤት ምስክርነት መቀበል አያስፈልግም። መጽሐፉን ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ጣልያን ውስጥ ራሱ በሥዕል ሠርቶ አሳትሞታል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። የፕራትን ሥራ የሚያወድሱ የአውሮፓ ጽሑፎች የኢትዮጵያ ዘመኑን «አፍሪካዊ ልጅነት» ብለው በአንድ ለስላሳ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ለኛ እንዲህ ለስላሳ ሊሆን አይችልም። ልጁ አልወረረም፤ ግን የመጣው በወራሪ ጋሪ ላይ ተጭኖ ነው። የሚገርመኝ ፕራት ራሱ ይህን የረሳ አለመምሰሉ ነው። በሥዕሎቹ ውስጥ የዩኒፎርም ቁልፍ፣ የቆብ ዓርማ፣ የቀበቶ ዘለበት አንድ ሳይቀር በትክክል ይሣላል፤ ለብሰውት የቆሙት ሰዎች ግን ግማሾቹ ግራ የገባቸው፣ ግማሾቹ ከድተው የሚሄዱ ናቸው። ዩኒፎርምን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

በ1943 በቀይ መስቀል አማካይነት ወደ ጣልያን ተመለሰ። አገሩ በዚያው ዓመት መስከረም ለሁለት ተከፈለች፤ ሰሜኑን ጀርመኖች ያዙት። እነእንግሊዝና አሜሪካ የመሩት የተባባሪዎቹ ጦር ቬኒስ ሲደርስ ፕራት አስተርጓሚ ሆኖ ሠራ። እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ድረስ በጦርነቱ ሁለት ጎራ ተሰልፏል ማለት ይቻላል።

ሥዕሉ የጀመረው ወዲያው ነው። በ1945 ከማሪዮ ፋውስቲኔሊና ከአልቤርቶ ኦንጋሮ ጋር ሆኖ ቬኒስ ውስጥ አንድ መጽሔት አወጡ፤ ስሙን ከካርታ ጨዋታ የወሰደ ጭንብል ለባሽ ጀግና ነበረው፤ «አሶ ዲ ፒኬ»። ሥራው የጀማሪ ሥራ ነው፤ የአሜሪካ ተጽዕኖ ከሩቅ ይጮኻል። ጥቅሙ በሌላ በኩል መጣ። መጽሔቱ አርጀንቲና ድረስ ታወቀ፤ በአይሁዳውያን ላይ የዘር ሕግ ሲወጣ ከጣልያን የሸሸው አሳታሚ ቼዛሬ ቺቪታ ቦነስ አይረስ ላይ «ኤዲቶሪያል አብሪል» የሚባል ቤት ነበረውና ልጆቹን ጠራቸው። ፕራት በ1949 ሄደ።

አርጀንቲና የፕራት ዩኒቨርሲቲ ናት። በ1950ዎቹ እዚያ ኮሚክስ የሚያነበው ልጅ ብቻ አልነበረም፤ ባቡር ላይ፣ ፀጉር ቤት፣ ካፌ ውስጥ አዋቂው ሁሉ ያነባል። በየሳምንቱ የሚወጡ መጽሔቶች ገጽ ይፈልጋሉ። ሠዓሊ ቢያምም፣ ቢዘንብም፣ ገጹ ሐሙስ መድረስ ካለበት ሐሙስ ይደርሳል። እጅ የሚፈታው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እዚያ ያገኘው ደራሲ ነው። ኤክቶር ኸርማን ኦስተርሄልድ ይባላል። በ1953 «ሳርጀንት ከርክ»ን አብረው ጀመሩ። በጊዜው የካውቦይ ታሪክ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ነጩ ጀግና፣ ቀይ ሕንዱ ጠላት። ከርክ ግን በአንድ የሕንዶች መንደር ላይ በተፈጸመ ጭፍጨፋ ውስጥ ከተሳተፈ በኋላ ጸጸት አላስቀምጥ ብሎት ሠራዊቱን ከድቶ የሚጠፋ ወታደር ነው። ቀጥሎ በ1957 ኦስተርሄልድ ከወንድሙ ጋር የራሱን ማተሚያ አቋቁሞ «ኤርኒ ፓይክ»ን ጻፈ። ኤርኒ ፓይክ የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ነው፤ አይተኩስም። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪኮች እየዞረ ይሰማል፤ ጀርመኑም ጃፓኑም በታሪኩ ውስጥ እናት ያለው ሰው ነው። ፕራት ለዚህ ጋዜጠኛ የሰጠው ፊት የኦስተርሄልድን የራሱን ፊት ነው። ለጓደኛ እንዲህ ያለ መታሰቢያ ማቆም ለሠዓሊ ብቻ የተፈቀደ ነገር ነው። ኦስተርሄልድ በኋላ በአርጀንቲና ወታደራዊ መንግሥት ዘመን፣ በ1977፣ ታፍኖ ተወሰደና የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። አራት ሴቶች ልጆቹም የዚያው መንግሥት ሰለባ ሆነዋል።

የኮርቶ ማልቴዘ ግማሽ ነፍስ የተወሰደው ከኦስተርሄልድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ጠላትን ሰው አድርጎ ማየት፣ ዝም የሚል ጀግና፣ ያለ ድል የሚያልቅ ታሪክ፤ እነዚህን ፕራት የተማረው የሌላውን ድርሰት በመሳል ነው። በአገራችን የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ እየቀጸለ ቆይቶ ነው የራሱን የሚዘርፈው። የፕራትም ነገር ይኸው ነው።

የራሱን ሲዘርፍ ታዲያ የት ሄደ? በ1959 ሙሉ በሙሉ ራሱ የጻፈውና የሳለው የመጀመሪያው ሥራ ወጣ። ባለታሪኳ አና የምትባል ልጅ ናት፤ ቦታው ምሥራቅ አፍሪካ፣ ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ። ቦነስ አይረስ ተቀምጦ፣ ብዕሩን ማንም ሳይዝበት፣ ወደዚህ ወደኛ አካባቢ ተመለሰ። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ደጋግሞ ያደርገዋል።

ከ1959 ጀምሮ አንድ ዓመት ያህል ለንደን ተቀምጦ ለፍሊትዌይ ማተሚያ ቤት የኪስ የጦርነት መጽሔቶችን ሳለ። እንጀራ ነው እንጂ ሌላ ብዙ የሚባል ነገር የለውም። በ1962 የአርጀንቲና ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት ጠቅልሎ ወደ ጣልያን ተመለሰና «ኮሪዬሬ ዴይ ፒኮሊ» ለተባለ የልጆች መጽሔት የታወቁ ልብወለዶችን በሥዕል ይሠራ ጀመር። ከላይ ያነሳሁት የአባቱ መጽሐፍ የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። በሙያው የተከበረ ነው፤ ግን ያው በገጽ የሚከፈለው ሰው ነው።

ነገሩን የለወጠው ፍሎሬንዞ ኢቫልዲ የሚባል የጄኖቫ ነጋዴ ነው። ኢቫልዲ ኮሚክስ የሚወድና ገንዘብ ያለው ሰው ነበር፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ብርቅ ነው። በ1967 ሐምሌ በፕራት የቀድሞ ሥራ ስም «ሳርጀንት ከርክ» የተባለ መጽሔት አቋቋመለትና የፈለግኸውን ሥራ አለው። የገጽ ገደብ የለም፤ ይህ ለልጆች አይሆንም የሚል አዘጋጅ የለም። ፕራት በመጀመሪያው ቁጥር «የጨዋማው ባሕር ባላድ» (ባላድ ታሪክ የሚተርክ ዘፈን ነው) የተባለውን ታሪክ ጀመረና ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ እየቀጠለ ከ160 ገጽ በላይ አደረሰው። በዚያ ጊዜ ከ160 ገጽ በላይ የሆነ አንድ ወጥ ታሪክ ለኮሚክስ ያልተለመደ ርዝመት ነበር።

ታሪኩ የሚከፈተው በሰው ድምፅ አይደለም፤ ሰላማዊ ውቅያኖስ ራሱ ነው ተራኪው። ጊዜው 1913፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ነው። ኮርቶ ማልቴዘ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየን መርከበኞቹ አምፀውበት፣ እጅና እግሩን ከእንጨት ርብራብ ጋር ጠፍረው ባሕር ላይ ጥለውት ነው። ለአንድ ጀግና ከዚህ የባሰ አገባብ የለም! ደግሞም ፕራት ኮርቶን ዋና ሰው አድርጎ አልጀመረውም፤ ፓንዶራና ቃየን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች፣ ራስፑቲን የሚባል እብደት የማያጣው ወንበዴ፣ ታራኦ የሚባል የማኦሪ ልጅ፣ ስሉተር የሚባል የጀርመን የባሕር ኃይል መኮንን አሉ። ከሁሉም ክብር ያለው ስሉተር ነው፤ እሱን ነው እንግሊዞች የሚረሽኑት። የኦስተርሄልድ ትምህርት አልጠፋም።

መጽሔቱ ብዙ አልቆየም፤ ኮርቶ ግን ተረፈ። በ1970 «ፒፍ ጋጄ» የተባለ የፈረንሳይ የልጆች ሳምንታዊ ፕራትን ጠራው። እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ፤ መጽሔቱ ከፈረንሳይ ኮሚኒስት ፓርቲ ጋር የተቆራኘ ነበር፤ ኮርቶ ደግሞ ለምንም ፓርቲ የማይመች ሰው ነው። እስከ 1973 ድረስ እያንዳንዳቸው 20 ገጽ የሆኑ 21 ታሪኮች ወጡ። ከረጅሙ ባላድ በኋላ በ20 ገጽ መወሰን ፕራትን የጎዳው አይመስለኝም፤ እንዲያውም ምርጦቹ አጫጭር ሥራዎቹ እነዚህ ናቸው። ቦታ ሲጠብብህ የማይጠቅመውን ሁሉ ትጥላለህ። ቀጥሎ ካስተርማን የተባለው የቤልጂየም ማተሚያ ቤት ታሪኮቹን በመጽሐፍ መልክ ጠርዞ ያወጣ ጀመር። ለውጡ ትልቅ ነው፤ መጽሔት ይነበብና ይጣላል፣ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ አዋቂ ይገዛዋል፣ እንደገና ይታተማል። በ1976 በአንጉሌም ከተማ በሚካሄደው የፈረንሳይ የኮሚክስ ፌስቲቫል ባላዱ ተሸለመ።

ከ21ዱ የመጨረሻዎቹ አራቱ «ኢትዮጵያውያቱ» እንደማለት በሆነ የጋራ ስም ይታወቃሉ። ስሙ ከይዘቱ ይሰፋል፤ የመጀመሪያው የመን፣ ሁለተኛው የእንግሊዝ ሶማሊላንድ፣ አራተኛው ጀርመኖች ይዘውት የነበረው ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ለአውሮፓ አንባቢ ይህ ሁሉ ኢትዮጵያ ሊሆን ይችላል፤ ለኛ ትንሽ ያስቃል። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የሚገባው ኩሽ ግን ከፕራት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነው። ኩሽ የቀይ ባሕር አካባቢ ሰው፣ ሙስሊም ተዋጊ ነው። የኮርቶ አሽከር አይደለም፣ መንገድ መሪም አይደለም። ሃይማኖቱን የማይደብቅ፣ ነጮቹን ከላይ ወደታች የሚያይ፣ ኮርቶን እንደ እኩያ የሚወድና የሚሳደብ ሰው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ ኮሚክስ ውስጥ አፍሪካዊ እንዲህ ሆኖ ሲሣል ማግኘት ቀላል አልነበረም። ያም ሆኖ አገሩ ለፕራት የጠንቋይ፣ የበረሃና የምሽግ አገር እንደሆነ ይቀራል። ገበሬው፣ ገበያው፣ ቤተ ክህነቱ፣ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ባለጉዳይ በታሪኩ ውስጥ የሉም። ልጅ ሆኖ ከፖሊስ ጣቢያ መስኮት ያየውን ያህል ነው የሳለው።

ከ1969 ጀምሮ የሠራው «የበረሃ ጊንጦች» ደግሞ ወደ ልጅነቱ ይበልጥ ይቀርባል። ዘመኑ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ቦታው ከሊቢያ በረሃ እስከ ደንከል። ዋናው ሰው ኮይንስኪ የሚባል ለእንግሊዝ የሚዋጋ የፖላንድ መኮንን ነው። ጣልያኖቹ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት የሚሸነፉት ወገን ሆነው ነው። ፕራት የአባቱን ሠራዊት ውድቀት ከሌላው ጎራ ቆሞ ሳለው ማለት ነው። በ1991 ደግሞ ሐረር ተቀምጦ ይነግድ የነበረው የፈረንሳዩ ገጣሚ አርተር ራምቦ ከአፍሪካ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች በሥዕል አጅቧል። ብዕሩ ነፃ በሆነ ቁጥር ወደ አፍሪካ ቀንድ ይዞር ነበር ያልኩት ይህንን ነው።

ስለ አሳሳሉ ደግሞ። የፕራት መምህር በሩቅ ሚልተን ካኒፍ የተባለው አሜሪካዊ ነው። ካኒፍ እያንዳንዱን የልብስ እጥፋት በቀጭን መስመር ከመከተል ይልቅ ብሩሽ በጥቁር ቀለም ነክሮ ጥላውን በጅምላ ያፈስ ነበር። ፊቱ ግማሹ ጥቁር ከሆነ ዓይን ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። ይህ ዘዴ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ወረቀት ላይም አይደበዝዝም፤ በገጽ ለሚከፈለው ሰው ተስማሚ ነው። ፕራት ወጣት ሳለ ይህንን ቃል በቃል ይቀዳ ነበር። እያረጀ ሲሄድ ግን መስመሩ እየሳሳ መጣ። በ1980ዎቹ ሥራዎቹ ባሕር ማለት አንድ አግድም መስመር ነው፤ የባሕር ወፍ ማለት ሁለት የብሩሽ ጭረት። አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የኮርቶ ዓይንና ሲጋራ ብቻ ይታያል፣ ቃል የለም። ሰነፈ የሚሉት አሉ። እኔ ግን ዓይኑን ሸፍኖ መጻፍ የሚችል ቁም ጸሐፊ ነው የሚመስለኝ። እጁ አስፈላጊውን ስለሚያውቅ ተጨማሪው ይሰለቸዋል።

ሐቁን ለመናገር ሁሉንም ብቻውን አልሳለውም። ባቡር፣ መኪና፣ አውሮፕላን የመሰለውን ልኬት የሚጠይቅ ነገር ጉዊዶ ፉጋ የሚባል የቬኒስ ባልደረባው ይሠራለት ነበር። ኮርቶ በሳይቤሪያ በሚዞርበት ታሪክ ውስጥ ያሉት የታጠቁ ባቡሮች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። አንዳንድ ጊዜም ፕራት ወደ ጥንቱ ሥርዓት ዞሮ ይገባ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ደራሲው እሱ ነው። በ1980ዎቹ ለሚሎ ማናራ ጽፎ ማናራ ሳለለት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ኦስተርሄልድ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። የሥራዎቹን መብት የሚያስተዳድር ኮንግ የሚባል ድርጅትም ስዊዘርላንድ ውስጥ ቆመ። ያ በገጽ የሚከፈለው ሰው በመጨረሻ የራሱ ባለታሪክ ባለቤት ሆነ።

ከ1984 ጀምሮ የኖረው ስዊዘርላንድ ውስጥ ግራንቮ በምትባል ከጄኔቫ ሐይቅ በላይ ባለች መንደር ነው። በነሐሴ 20 ቀን 1995 በካንሰር ሞተ። ከሞቱ በኋላ ሃያ ዓመት የኮርቶ አዲስ ኮሚክስ በሌላ እጅ አልተሣለም፤ በ2015 ግን ሁዋን ዲያዝ ካናሌስና ሩበን ፔዬኼሮ የተባሉ ስፔናውያን አዲስ መጽሐፍ አወጡ፣ ከዚያም ቀጠሉ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ የሽማግሌው ግዴለሽነት ግን የለበትም።

ኮርቶ ራሱ እንዴት ሞተ? ፕራት አልሳለውም። ታሪኮቹ በ1920ዎቹ ይቆማሉ። በባላዱ መግቢያ ላይ ያለ ደብዳቤ አርጅቶ ከፓንዶራ ዘንድ እንደኖረ ያስመስላል። በ«የበረሃ ጊንጦች» ውስጥ ግን ሌላ ወሬ አለ፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ እንደጠፋ ይነገራል። ወሬውን የሚያመጣው ሰው ኩሽ ነው፤ አርጅቷል፣ ግን አሁንም ታጥቋል።